ጎሮ አይሲቲ ፓርክ የሚከራየው ቨርቹዋል ዳታ ሴንተር፦ ኔትወርኩ አንደኛ፣ ሲፒዩው ግን ይጠየቅ

ቨርቹዋል ዳታ ሴንተሩ አዲስ አበባ ጎሮ በሚገኘው አይሲቲ ፓርክ ካሉት ዳታ ሴንተሮች በአንዱ ላይ የተዘረጋ አገልግሎት ነው። የሚከራየው ነጠላ ማሽን አይደለም፤ የኮር፣ የራምና የዲስክ ኮታ ይሰጥና ማሽኖቹን፣ ኔትወርኩንና ፋየርዎሉን ተከራዩ ራሱ ከፖርታሉ (ከመቆጣጠሪያ ድረገጹ) ያዋቅራል።

ኔትወርኩ ምንም አይወጣለትም። ተከራዮች የሚለያዩት በቪኤክስላን (ለእያንዳንዱ የተለየ ቨርቹዋል ኔትወርክ በሚሰጥ ዘዴ) ስለሆነ ሁለት ድርጅቶች አንድ ዓይነት የውስጥ አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.0 ቢጠቀሙም አይጋጩም። የቀድሞው ዘዴ ቪላን 4094 ኔትወርክ ላይ ሲያበቃ ይኼኛው ወደ 16 ሚሊዮን ገደማ ይሄዳል። ችግር የሚመጣው ከቢሮ በሚዘረጋው አይፒሴክ ቪፒኤን (የተመሰጠረ መስመር) ነው፤ ፓኬቱ ላይ የራሱን ባይት ይጨምርና ከኤምቲዩው፣ ማለትም መስመሩ ከሚያሳልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን ያልፋል። ፒንግ እየመለሰ የሒሳብ ሶፍትዌሩ ሎግኢን ላይ ከተገተረ ምክንያቱ በአብዛኛው ይህ ነው። ኤጅ ጌትዌዩ (የኔትወርካችሁ መውጫ ራውተር) ላይ ኤምኤስኤስን፣ ማለትም አንድ ፓኬት የሚይዘውን የዳታ ጣሪያ ወደ 1350 ባይት ማውረድ ይበቃል፤ ቴክኒክ ክፍል ደውሎ መጠበቅ አያስፈልግም።

ዋናው ጉዳይ ሲፒዩው ነው። ጥቅሉ «16 ኮር» ይላል እንጂ ስንቱ ዋስትና እንዳለው አይናገርም። አንድ ፊዚካል ኮር ለብዙ ተከራይ ይሸጣል። ይህ ነውር የለበትም፣ ዋጋው የሚረክሰውም በዚሁ ነው። ነገር ግን በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀም ግቢ ጎረቤት ምጣድ ሲጥድ የእናንተ አምፖል ይደበዝዛል፤ ወር መጨረሻ ላይ ሁሉም ደመወዝ ሲሠራና ሒሳብ ሲዘጋ የሚሆነው ይኸው ነው። ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያስኬደው ሶፍትዌር ኬቪኤም ስለሆነ ሊኑክስ ላይ ቶፕ የሚለውን ትእዛዝ ከፍቶ «ኤስቲ» (st) የሚለውን፣ ማለትም ማሽኑ ሲፒዩ ፈልጎ ተራ ሲጠብቅ የሚያባክነውን ጊዜ ማየት ነው። በሥራ ሰዓት ከ10% በላይ ከቆየ ሆስቱ (ማሽናችሁ ያለበት ፊዚካል ሰርቨር) ተጨናንቋል። ሻጮቹ ያኔ «ኮር ጨምሩ» ይላሉ፤ የሚጨመረው ከዚያው ከተጨናነቀው ሆስት ስለሆነ ብር ማባከን ነው። የሚጠየቀው የተረጋገጠ ድርሻ ወይም ወደ ሌላ ሆስት መዛወር ነው። ለፋይል ሰርቨር፣ ለዌብሳይትና ለመካከለኛ ኢአርፒ (የድርጅት ሥራ አመራር ሶፍትዌር) እንዳለ ይበቃል፤ ከባድ ዳታቤዝ ግን ያለ ዋስትና አይጫንበት።

ዲስኩን ኤፍአይኦ (fio) በሚባለው የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም ለኩት፦ 4 ኪሎባይት ብሎክ፣ 70% ንባብ 30% ጽሑፍ፣ በካሽ (በጊዜያዊ ማስታወሻ) የማያልፍ፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ይሁን፤ ሌሊት የማይፈጥን ዲስክ የለም።

ፖርታሉ ላይ «ባክአፕ» የተባለው ቁልፍ ስናፕሾት (ማሽኑ በአንድ ቅጽበት የነበረበትን ሁኔታ መያዣ) ብቻ ነው፣ ያውም እዚያው ስቶሬጅ ላይ። ስቶሬጁ ከሄደ ማሽኑም ስናፕሾቱም ይሄዳሉ። ስናፕሾቱ ለወራት ሳይሰረዝ ከቆየ ደግሞ እያበጠ ኮታውን ይበላል። እውነተኛው ባክአፕ ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

ውሉ ላይ ሁለት አንቀጾች በጥንቃቄ ይነበቡ። ኪራዩ በብር ቢሆንም የዊንዶውስ ላይሰንሱ ከዶላር ጋር እንዲንቀሳቀስ ተፈቅዷል፤ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛው የመውጫው ነው፦ ማሽኖቹ በኪውካው2 (qcow2፣ የኬቪኤም የዲስክ ቅጂ) ፋይል እንደሚሰጡ፣ በስንት ቀንና በስንት ብር እንደሆነ፣ ከዚያም የደንበኞች መረጃ ከዲስኩ መሰረዙ እንዴት እንደሚረጋገጥ በጽሑፍ ይስፈር። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በመጣበት ጊዜ የቃል ተስፋ ይዞ መፈረም አያዋጣም።