አሮጌ ፓርከር 51 ለጥገና ከመስጠታችሁ በፊት

ሃያ ዓመት ያህል በመሳቢያ ውስጥ የተቀመጠውን የአባቴን ፓርከር 51 ብዕር ላስጠግን ወስጄ 3,000 ብር ከፍያለሁ። ገንዘቡ የተከፈለው ላልተሠራ ሥራ መሆኑን ዘግይቼ ስለተረዳሁ፣ ተመሳሳይ ብዕር ያላችሁ እንድትጠነቀቁ ይህን ጽፌያለሁ።

ጠጋኙ ብዕሩን ገልበጥ አድርጎ እንዳየ «የቀለም ከረጢቱ በስብሷል፤ በአዲስ ካልተተካ አይጽፍም» አለኝ። ከሳምንት በኋላ ስረከበው በእርግጥ ይጽፍ ነበር፤ በአራተኛው ቀን ግን ደረቀ። የተቀየረውን አሮጌ ከረጢት እንዲያሳየኝ ስጠይቀው «ተጥሏል» አለኝ፤ ደረሰኝም አልሰጠኝም ነበር። ሌላ ባለሙያ የብረት ሽፋኑን አውልቆ ሲያሳየኝ፣ በዕድሜ ብዛት የጠየመው የቀድሞው ከረጢት ሳይነካ በቦታው ነበር። የተሞላው ቀለም ደግሞ ወፍራም የማኅተም ቀለም ሆኖ ተገኘ። ከሁሉ ያሳዘነኝ በብዕሩ አንገት ላይ የታዩት ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ናቸው፤ የብዕሩ አካል ከአክሪሊክ የተሠራ በመሆኑ አልኮል ሲነካው እንዲህ ሊሰነጣጠቅ ይችላል፤ ይህ ደግሞ አይመለስም።

ከእ.ኤ.አ. 1948 ጀምሮ የተሠሩት፣ በብረት ሽፋን ውስጥ ባለ መጫኛ የሚሞሉት ፓርከር 51 ብዕሮች ከረጢታቸው ከጎማ ሳይሆን ከፕላስቲክ ስለሆነ እምብዛም አይበሰብስም። ብዙውን ጊዜ ብዕሩን የሚያፍነው በጫፉ ሥር ባሉት ቀጫጭን መተላለፊያዎች የደረቀ ቀለም ነው፤ ይህን የሚያሟሟው ደግሞ ተራ ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ጫፉን ውኃ ውስጥ ነክራችሁ መጫኛውን ስትጫኑ አረፋ ከወጣ፣ ስትለቁትም ውኃ ከሳበ ከረጢቱ ደኅና ነው። ጫፉን በውኃ እንደነከራችሁ አሳድራችሁ፣ ውኃውን እየለወጣችሁ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ድረስ መጫን ነው፤ የእኔ ሦስት ሌሊት ፈጅቷል። የአንገቱን ማጣበቂያ ስለሚያላላ ሙቅ ውኃ አትጠቀሙ።

ከዚያ ቀደም የተሠሩትና ከጀርባቸው ትንሽ ክዳን ተፈትቶ የሚሞሉት ግን የጎማ ክፍል ስላላቸው በእርግጥ ጠጋኝ ያስፈልጋቸዋል። እንዲህ ያለውን ስትሰጡ የሚቀየረው ዕቃ በደረሰኝ ላይ በስሙ እንዲጻፍ፣ አሮጌውም እንዲመለስላችሁ ገና ሳትከፍሉ ተስማሙ። እኔ ገንዘቤን ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ብዕሩን መልሰህ አምጣውና እናየዋለን» የሚል ነበር፤ አልወሰድኩትም።