የመንፈሳዊ እግር ጉዞ መጀመሪያ ቀን፦ በቲሊሊ ወደ ግሽ ዓባይ ወይስ በጮቄ ወደ ሞጣ ጊዮርጊስ?

ሁለቱም ደጋ ነው፣ ሁለቱም በረከት አለው፣ የመጀመሪያው ቀን ላይ ግን ጭራሽ አይገናኙም። በቲሊሊ በኩል ከሆነ ከአዲስ አበባ ባህር ዳር አስፋልት ወርዳችሁ ነው ግሽ ዓባይ ወዳለበት ወደ ሰከላ ወረዳ የምትጀምሩት፣ ዳገት ቁልቁለት ቢኖረውም እግር ቀስ እያለ ይለምደዋል፣ በተለይ ለጥር 13 ለአቡነ ዘርአ ብሩክ በዓል ከሄዳችሁ መንገዱ ሙሉ ሰው ነው፣ ለጠበሉ ባዶ ጀሪካን ያነገተ፣ እየዘመረ የሚሄድ፣ ቢደክማችሁ እንኳ አይዟችሁ የሚል አይጠፋም።

ጮቄ ሌላ ነገር ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ ከተማ ሽቅብ ብቻ ነው፣ ከዛ በላይ ደግሞ ተራራው ከ4000 ሜትር ስለሚያልፍ ትንፋሽ የሚያጥረው አየሩ ሳስቶ እንጂ ሰነፍ ሆናችሁ አይደለም፣ ራስ ምታት ከጀመራችሁ አትግደርደሩ፣ ቁጭ በሉ፣ ካልተሻላችሁ ውረዱ። የተራራው ተክል፣ ጅብራውና ጓሳው ሣር፣ ለዓይን ደስ ይላል ግን ጉም ከወረደ መንገድ ይጠፋል፣ ያገር ሰው ሳይዙ አይሞከርም ባይ ነኝ። ለማታው ብርድ ጋቢ ብቻ አይበቃም፣ ጃኬት ጨምሩ (የስልክ ባትሪም በብርድ ቶሎ ነው የሚያልቀው)።

ስንቅ ለሁለቱም በሶና ዳቦ ቆሎ፣ እዚህ ላይ ክርክር የለም። አዲስ ጫማም አታድርጉ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ እግር ጉዞ ለማያውቅ ሰው ግሽ ዓባይ ይሻላል። ለሚያዝያ 23 ለጊዮርጊስ በዓል በጮቄ የምታስቡ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ከተራራው ማዶ ያለችው ድጓ ጽዮን ከተማ እንደርሳለን ብላችሁ አትጣደፉ፣ ሮብ ገበያ አድራችሁ ንጋት ላይ ውጡ።