የጥርስ ሽፋን ያለው መድን ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ሐኪሙ እንዴት እንደሚከፈለው ጠይቁ

ጅማ መርካቶ ሱቅ ያለው ወዳጄ ለአሥራ ሁለት ሠራተኞቹ የጤና መድን ሊገዛ ሁለት የዋጋ ማቅረቢያ ይዞ መጣ። ሁለቱም «የጥርስ ሕክምናን ይጨምራል» ይላሉ። «በቃ ርካሹን ልውሰድ አይደል?» አለኝ። እኔ ግን አረቦኑን (ለመድኑ የሚከፈለውን ብር) ትቼ ሐኪሙ ብሩን ከማን እንደሚቀበል የሚለውን አንቀጽ ፈለግኩ።

ርካሹ መልሶ የሚተካ ነው። ታካሚው ከኪሱ ይከፍላል፣ ደረሰኝ ያስገባል፣ ድርጅቱ ይተካለታል። ደስ የሚለው ነገር ያመናችሁት ሐኪም ጋ መሄድ መቻላችሁ ነው። ሐኪሙ ከመድን ድርጅቱ ጋር ውል ስለሌለው ዋጋውን ራሱ ይቆርጣል። ድርጅቱ ደግሞ «ተመጣጣኝ» ያለውን ያህል ብቻ ይተካል። ልዩነቱ የእናንተ ዕዳ ነው።

ወረቀቱም አለ። እኔ አንዴ መንጋጋዬን አስሞልቼ ደረሰኙን ባስገባ ተመለሰብኝ። «የሕክምና አገልግሎት» ብቻ ነው የሚለው። የትኛው ጥርስ? ምን ተሠራለት? «የታች ግራ ሁለተኛ መንጋጋ፣ ሙሌት» የምትል አንዲት መስመር ከነማኅተሟ ለማግኘት ሁለት ቀን በባጃጅ ተመላልሻለሁ። እናንተ ከወንበሩ ሳትነሱ አጽፉ።

ሁለተኛው በዱቤ ነው። ክሊኒኩ ከድርጅቱ ጋር በዋጋ ተዋውሏል። መታወቂያ አሳይታችሁ፣ ታክማችሁ፣ ፈርማችሁ ትወጣላችሁ። ክሊኒኩ ሒሳቡን ሰብስቦ ለድርጅቱ ይልካል። ደመወዙ ከወር ወር ለማይደርስ ሠራተኛ ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው። ግን ድርጅቱ ክፍያ ሲያዘገይ የሚቀጣው በሽተኛው ነው፤ «ለጊዜው ዱቤ አቁመናል» ይባላል። የጥርስ ነርቭ ሕክምና ዓይነት ከበድ ያለ ሥራ ሲሆንም አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቅ ይሆናል። ጥርስ ደግሞ ሌሊት ነው የሚያመው።

የክሊኒኮቹን ዝርዝር አውጥተን ጅማ ያሉትን በጣት ቆጠርን። ሁለት ብቻ! የቀረው አብዛኛው አዲስ አበባ ነው። ለአንድ ሙሌት 350 ኪሎ ሜትር ማን ይሄዳል? ከሁለቱ ወደ አንዱ ብንደውል ውሉ አልታደሰም አሉን።

ጣሪያውንም፣ ድርጅቱ በዓመት የሚከፍለውን ከፍተኛ መጠን፣ እዩ። ለምሳሌ የጥርስ ጣሪያው በዓመት 5,000 ብር፣ የታካሚው ድርሻ 20 በመቶ ነው እንበል። 8,000 ብር የሚያስወጣ ሥራ ሲመጣ የድርጅቱ ድርሻ 6,400 ይሆን ነበር፤ ጣሪያው ግን 5,000 ላይ ይቆርጠዋል። ከኪሳችሁ 3,000 ወጣ ማለት ነው። ዓመቱ እስኪያልቅም ሌላ ጥርስ አይመማችሁ!

አሜሪካ ውስጥ ሦስተኛ መንገድ አለ። በአንዳንድ ዕቅዶች የጥርስ ሐኪሙ በተመዘገበለት ሰው ቁጥር በየወሩ ቁርጥ ብር ይቀበላል፤ ሰውየው መጣም ቀረም። ለታካሚው ርካሽ ነው፣ ሐኪሙ ግን ብዙ ሲሠራ ብዙ አያገኝም፤ ቀጠሮ ቢርቅ አይግረማችሁ። ማሳቹሴትስ በምትባለው ግዛት ደግሞ ሕዝቡ በ2022 እ.ኤ.አ. ድምፅ ሰጥቶ የጥርስ መድን ድርጅቶች ከአረቦኑ ቢያንስ 83 በመቶውን ለሕክምና እንዲያውሉ አስገደደ። እዚህ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር አልጠላም። እኛ ጋ መድን ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም አለ፤ ግን ለገበሬውና መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚተዳደረው የታሰበ ነው፣ ሰው ሠራሽ ጥርስንም አይሸፍንም። ለደመወዝተኛው የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን ደንብ 271/2005ም ክራውን (ጥርስ ላይ የሚደፋ ሽፋን)፣ ድልድይ (ከጎን ጥርሶች ጋር ተያይዞ ክፍተት የሚሞላ ሰው ሠራሽ ጥርስ) እና ኢምፕላንትን (መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል) ከጥቅሉ አውጥቷቸዋል። ለተራ መንቀል ከሆነ አረቦን ከመክፈል የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሄዶ በካሽ መጨረስ ሊያዋጣ ይችላል።

ለወዳጄ የመከርኩት ለሠራተኞቹ የዱቤውን እንዲወስድ ነው፤ ጅማ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ክሊኒክ በስም ውሉ ላይ ከተጻፈለት። ለራሱ ከሆነ የሚተካውን ይግዛ፣ የሚያምነው ሐኪም አለው። እዚያው ሆኖ ለወኪሉ ደወለ። «ጠይቄ እደውልልሃለሁ» አለው። ይኸው ሳምንት ሆነው።