በሌላ ሰው ስም የወጣ ሲም አትግዙ

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ ወይም በሞጣ በገበያ ቀን «የወጣ ሲም አለ፣ መታወቂያ አያስፈልግም» የሚላችሁ ሰው ከገጠማችሁ እለፉት። ዋጋው ይቀንሳል፣ ሰልፍ የለውም፣ ካርድም ተሞልቶበት ይሆናል። ግን ቁጥሩ የእናንተ አይሆንም።

ሲም ሲወጣ ቁጥሩ ከአንድ ሰው ስምና መታወቂያ ጋር ይመዘገባል። በቴሌኮም ድርጅቱ ዘንድ ባለቤቱ ያ ሰው ነው፤ ሦስት ዓመት ብትጠቀሙበትም ያው ነው። ስልኩ ሲጠፋ ምትክ ሲም ልታወጡ ብትሄዱ ባለስሙ ይምጣ ትባላላችሁ። ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ብትደውሉም የተመዘገበውን ሙሉ ስም ይጠይቋችኋል፤ አታውቁትም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሠራተኛውን ይራገማል። ሠራተኛው ግን ልክ ነው፤ ሲሙ በስማችሁ ቢሆን ኖሮ ከሌባ የሚያድናችሁ ያው ጥያቄ ነበር።

መቆለፉም አለ። የሲሙ ፒን (የሚስጥር ቁጥር) 3 ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ይዘጋል፤ የሚከፍተው 8 አሃዝ ያለው የፒዩኬ ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ሲሙ ተነቅሎ በሚወጣበት ካርድ ላይ ይጻፋል፣ ሻጩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ሲሙን ብቻ ነው የሚሰጣችሁ። በግምት እየሞከራችሁ ፒዩኬውን 10 ጊዜ ከሳታችሁ ሲሙ ከዚያ ወዲያ አይሠራም።

ከሁሉ የከፋው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። ባለስሙ በፈለገ ቀን መታወቂያውን ይዞ ምትክ ማውጣት ይችላል። ያን ጊዜ እናንተ እጅ ያለው ሲም ይሞታል፤ ጥሪውም፣ የባንክና የቴሌብር መልእክቱም ወደ እሱ ይሄዳል። በቆላውና በሸለቆው ኔትወርክ መጥፋቱን ስለለመድነው «ነገ ይመጣል» ብለን እንቀመጣለን፤ ገንዘቡ የሚያልቀውም በዚያ መካከል ነው። ስለዚህ ኔትወርክ ሲጠፋ የዚያኑ ድርጅት ሌላ ሲም በራሳችሁ ስልክ ላይ አስገቡ። ያ ከሠራ ችግሩ የአካባቢው ኔትወርክ አይደለም፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ባንካችሁ ሂዱና የሞባይል አገልግሎቱን አዘጉ።

በቁጥሩ ላይ የቆየ የካርድ ብድር ካለም መጀመሪያ የምትሞሉት ሂሳብ ለዚያ ይቆረጣል።

እጃችሁ ላይ ያለው ሲም በማን ስም እንደሆነ ካላወቃችሁ፣ ቴሌብር ያለው ወዳጅ በመተግበሪያው ወደ ቁጥሩ ትንሽ ብር ለመላክ ይጀምር። ቁጥሩ ቴሌብር ካለው የተቀባዩ ስም ይወጣል፤ ወዳጃችሁ የቴሌብር ፒኑን ሳያስገባ ይመለስ። የወጣው ስም የሌላ ሰው ከሆነ ባለስሙን ፈልጋችሁ፣ ሁለታችሁም መታወቂያ ይዛችሁ አገልግሎት ማዕከል ቀርባችሁ ስሙን አዛውሩ። ባለስሙ ካልተገኘ በቅድሚያ በራሳችሁ ስም አዲስ ሲም አውጡ። አሮጌው ገና እየሠራ ሳለ የቴሌብሩን ብር አውጡ፣ በባንክ ያስመዘገባችሁትን ቁጥር አስቀይሩ፣ ቴሌግራምንም ከቅንብሩ ወደ አዲሱ ቁጥር አዙሩ። ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ፤ የማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው በአሮጌው ቁጥር ሊሆን ይችላል።

አዲስ ስታወጡ የአባትና የአያት ስማችሁ በመታወቂያው ላይ እንዳለው መጻፉን በዓይናችሁ እዩ፤ አንድ ፊደል ስትለወጥ በኋላ ባንክ ላይ ታስቸግራለች። የፒዩኬውን ካርድ ቤት አስቀምጡ። መንገድ ዳር የሚመዘግብ ሰው «አልተቀበለም፣ እንደገና እንሞክር» ካላችሁ ተጠንቀቁ፤ በስማችሁ ሁለተኛ ሲም ወጥቶ ለሌላ ሰው የሚሸጠው አንዳንዴ እንዲህ ነው። ማዕከል በሄዳችሁ ቁጥር በስማችሁ ስንት ሲም እንዳለ ጠይቁ፣ የማታውቁት ካለም እዚያው ሳላችሁ አዘጉት።