አሥር ወር ከሠራሁት ሰርቨር ጋር፦ ብሩ የት መሄድ ነበረበት?

ሰርቨሬን፣ ማለትም ቤት ውስጥ ሌት ተቀን በርቶ ፋይልና ፕሮግራም የሚይዝልኝን ኮምፒውተር፣ የገጣጠምኩት ጥቅምት ላይ ነው፣ ሱሉልታ፣ ከእንጦጦ ጀርባ። አሁን ነሐሴ ነው። አሥር ወር ሆነው ማለት ነው፣ መብራት የሄደበት ሰዓት ሳይቀነስ።

ሳቅድ አንድ ወር ሙሉ ያነበብኩት ስለ ፕሮሰሰር ነበር። ያገለገለ ኤችፒ ዜድ440 ገዛሁ፣ ውስጡ ዜዮን ኢ5-2680 ቪ4 ፕሮሰሰር፣ 14 ኮር (14 ሥራ ባንድ ጊዜ የሚሠራ)፣ 64 ጊጋ ኢሲሲ ራም (ስህተቱን ራሱ የሚያርም ሜሞሪ)። የ2016 ፕሮሰሰር ስለሆነ ዋጋው ወርዷል፣ ጉልበቱ ግን አለ። ላዩ ላይ ፕሮክስሞክስ ጫንኩ፣ አንዱን ኮምፒውተር ወደ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች (በሶፍትዌር የተሠሩ ኮምፒውተሮች) የሚከፋፍል ሲስተም ነው። ነፃ ነው፣ ሁሉንም ነገር ከብራውዘር ታዙታላችሁ።

እውነቱን ለመናገር 14ቱ ኮር ተኝተው ነው የሚውሉት። ባለቤቴ ሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ የሒሳብ ፕሮግራሟ ፒችትሪ አንድ የዊንዶውስ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ነው ያለው። ሰኔ 28 ሌሊት፣ ዓመቱን ልትዘጋ ስትጣደፍ፣ ፋይሉ ተበላሸባት። ማታ ስናፕሾት (ማሽኑ በዚያ ሰዓት የነበረበትን ሁኔታ የሚያስቀር ቅጂ) ይዤ ስለነበር ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ወደነበረበት መለስኩላት። ከዚያ ወዲህ «ይሄ የሚጮህ ሳጥን» ማለቱን ትታለች።

ዋናው ሥራ ግን ማከማቸት ነው። ወንድሜ ሰርግ ይቀርጻል፣ አንድ ሰርግ 200 ጊጋ ይሆናል፣ በጊጋቢት ኬብል ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። አራት ባለ 4 ቴራ ዲስኮችን በዜድኤፍኤስ (ዲስኮችን አቀናጅቶ ፋይል የሚያስቀምጥ ሲስተም) ሁለት ሁለት አድርጌ አጣመርኳቸው፤ የአንድ ጥንድ ሁለቱም ዲስኮች አንድ ዓይነት መረጃ ይይዛሉ። 16 ቴራ ገዝቼ የምጠቀመው 8 ነው፣ ያንገበግባል። ስስት ይዞኝ ለመጠባበቂያ የአንድ ዲስክ ቦታ ብቻ ወስዶ 12 ቴራ የሚሰጠውን አማራጭ ልመርጥ ነበር። የካቲት ላይ አንዱ ዲስክ ሲሞት እንኳን ተውኩት አልኩ፤ አዲሱ የሚገለብጠው ከጥንዱ ብቻ ስለሆነ ሌሎቹን ሳያስጨንቅ አደረ። የሞተው ዲስክ «አዲስ ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ ነው። ዘግይቼ ስማርቱን (ዲስኩ ስለ ራሱ የሚይዘውን መዝገብ) ሳነበው 31 ሺህ ሰዓት ሠርቷል ይላል፣ ሦስት ዓመት ተኩል! ሻጩ ጋር ስሄድ «ከኛ አልገዛህም» አለኝ። እናንተ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት አንብቡት። ጥንድ አለኝ ብላችሁም አትዘናጉ፣ በስህተት የጠፋ ፋይል ከሁለቱም ላይ ነው የሚጠፋው። የሰርጎቹ ሌላ ቅጂ ወንድሜ ቤት አለ።

ብሩ መሄድ የነበረበት መብራቱ ላይ ነው። መጀመሪያ የገዛሁት ትንሽ ዩፒኤስ ነበር፣ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ ሳጥን። ሰርቨሩ ሥራ ፈትቶ እንኳ 85 ዋት ይበላል፣ በወር 61 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ ስለዚህ ዩፒኤሱ ከአሥር ደቂቃ አያልፍም። እኛ ሰፈር ደግሞ መብራት ለአሥር ደቂቃ አይሄድም። በየቀኑ እስከ መጨረሻ የሚሟጠጥ የእርሳስ ባትሪ አይችልም፤ በአምስተኛው ወር አበጠ። አሁን ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ከኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት ከሚቀይር መሣሪያ) ጋር አለ፣ ሌሊቱን ያሳድረዋል። አሮጌውን ዩፒኤስ ባትሪ ቀይሬ በኢንቨርተሩና በሰርቨሩ መሀል ትቼዋለሁ፤ ኢንቨርተሩም ሲያልቅበት በዩኤስቢ ለሰርቨሩ የሚነግረው እሱ ነው፣ ኤንዩቲ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ማሽኖቹን በሥርዓት ይዘጋል። ዜድኤፍኤስ የቆየውን መረጃ ላዩ ላይ ስለማይጽፍበት ሰርቨሩ ድንገት ሲጠፋ ዲስኩ ላይ ያለው ብዙም አይጎዳም። ባለቤቴ ያላስቀመጠችውን ግን ማንም አይመልስላትም።

ብርዱ ጠቅሞኛል፣ ዲስኮቹ ሞቀን ብለው አያውቁም። ቀጭኑ አየር ግን ለማራገቢያ ደካማ ነው፣ ሃርድ ዲስክም አብዛኛው የሚፈቀድለት እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ነው፤ እኛ ከ2,500 በላይ ነን፣ ሯጮቹ ለአየሩ ብለው የሚመጡበት አገር። በጋ ላይ የሚያስቸግረው አቧራ ነው። በየወሩ በቀለም ብሩሽ እጠርጋለሁ።

ዛሬ ሳየው 8 ቴራው 80 በመቶ ሞልቷል። ዜድኤፍኤስ ሲጠብበት ይንቀራፈፋል። ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው፣ ወንድሜም ከወዲሁ ቀብድ መቀበል ጀምሯል።