ፋን የሌለው ላፕቶፕ፦ 14 ወር ከኤም 1 ማክቡክ ኤር ጋር

ኤም 1 አፕል ራሱ የነደፈው ቺፕ፣ ማለትም የላፕቶፑ አንጎል ነው። ስለ ፍጥነቱ ብዙ ተብሏል፤ እሱን ልተወው። እኔ ልጽፍ የተነሳሁት ስለ ዝምታው ነው።

ሥራዬ ድምፅ ነው። ማስታወቂያ አነባለሁ፣ የልጆች ተረት እቀርጻለሁ፣ ሲገኝም ሙሉ መጽሐፍ እተርካለሁ። ስቱዲዮዬ ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር የተከራየኋት አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳዋ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅያለሁ፣ በሩ ሥር ፎጣ እወትፋለሁ። በየካቲትና በመጋቢት ከሰዓት በኋላ መስኮት ዘግቶ እዚያ መቀመጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የድሮው ላፕቶፔ ደግሞ በዚያ ሙቀት አሥር ደቂቃ ሳይቆይ ማቀዝቀዣ ፋኑ ይነሳል። ሽሽሽ… እያለ እስከ መጨረሻው አብሮኝ ያነባል።

ተረት የሚያስቀርጹኝ አንድ ጋሼ አሉ። አንድ ቀን ደውለው «ልጄ፣ ስትቀርጪው ዝናብ እየጣለ ነበር እንዴ?» አሉኝ። ጥር ነበር። ዝናብ የሚባል ነገር አልነበረም። ፋኑ ነው።

ያላደረግሁት የለም። ከሥሩ የጠርሙስ ክዳን አድርጌ ከፍ አደረግሁት። አስከፍቼ አቧራውን አስጠረግሁ። ሲብስብኝ የ5 ሜትር ገመድ ገዝቼ ላፕቶፑን ከክፍሉ አወጣሁትና በር ዘግቼበት መቅረጽ ጀመርኩ። አንድ ቃል በተሳሳትኩ ቁጥር ግን ተነስቼ፣ ፎጣውን አንስቼ፣ በር ከፍቼ፣ ቀረጻውን አቁሜ፣ እንደገና አስጀምሬ፣ በሩን ዘግቼ፣ ፎጣውን ወትፌ፣ ትንፋሼ እስኪረጋ ጠብቄ ነው የማነበው። አንድ ገጽ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር። በፕሮግራም ይጸዳል ትሉኝ ይሆናል። ይጸዳል፣ ግን ሽሽታውን ሲያነሳ የእኔን «ሰ» እና «ሸ» አብሮ ይበላዋል፤ «ሸማ» ስል ጥርሷን ያጣች ሴት የምታወራ ይመስላል።

ዕቁብ ሲወጣልኝ ይሄን ማክቡክ ኤር ልገዛ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ «እህቴ፣ ይሄን ተይው» አለኝ። «የሞባይል ቺፕ እኮ ነው። ፋን እንኳን የለውም፣ በዚህ ሙቀት ይቃጠልብሻል። 8 ጂቢ ራም ምን ይሠራልሻል? ኮር አይ 7 ውሰጂ፣ 16 ጂቢ ነው።» ራም ያለው ላፕቶፑ በሥራ ላይ ያለውን ነገር የሚይዝበትን ማስታወሻ ነው። ልጁ ክፉ አይደለም። የሚያውቀውን ነው የነገረኝ። ግን ተሳስቷል። የት ላይ እንደተሳሳተ አሁን በደንብ ገብቶኛል፣ ባገኘው ቁጭ አድርጌ ባስረዳው ደስ ይለኛል።

ወንድሜ፣ «የሞባይል ቺፕ» ያልከው ነገር ነው እኮ ጥንካሬው። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለአይፎን የራሱን ቺፕ ሲነድፍ ቆይቷል። ስልክ ውስጥ ፋን አይገባም፣ ባትሪውም ትንሽ ነው። ስለዚህ እነዚያ መሐንዲሶች 10 ዓመት ሙሉ የተለማመዱት በትንሽ ኃይል ብዙ መሥራትን ነው። ማክ፣ ማለትም የአፕል ኮምፒውተር፣ በዚያን ጊዜ ኢንቴል የሚባለውን ኩባንያ ቺፕ ነበር የሚጠቀመው፣ ከ2006 ጀምሮ። በ2020 ሰኔ ላይ ከኢንቴል ወጥተን በራሳችን እንሠራለን አሉ፣ ኅዳር ላይ ኤም 1 ወጣ። የሚያመርተው የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ነው፣ ንድፉ ግን የራሳቸው ነው። 8 ኮር፣ ማለትም ሥራ የሚካፈሉ ክፍሎች፣ አለው፤ 4ቱ ለከባድ ሥራ፣ 4ቱ ደግሞ ኃይል ቆጣቢ ናቸው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የወጣው ባለ ኢንቴሉ ማክቡክ ኤር ፋን ነበረው። ኤም 1 ሲገባ ፋኑን ከነጭራሹ አወጡት። አንተ ያሳየኸኝ ባለ ኢንቴሉ ኮር አይ 7 ፕሮሰሰሩ (ቺፑ) ብቻውን የ45 ዋት ዓይነት ነው፤ ያ ሁሉ ኃይል መጨረሻው ሙቀት ነው፣ ሙቀቱን ለማስወጣት ደግሞ ፋን ሊጮህ ግድ ነው። የኤም 1 ኤር ቻርጀር ራሱ 30 ዋት ነው። ከዚህ በላይ ምን ልበልህ?

የገዛሁት ቀን ማታ በሩን ዘጋሁ፣ ላፕቶፑን አጠገቤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ ምንም ሳላነብ ሁለት ደቂቃ ቀረጽኩ። ስክሪኑ ላይ ድምፅን የሚያሳየው መስመር ቀጥ ብሎ ተኛ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ሳዳምጠው የራሴ ትንፋሽና ከሩቅ የሐይቁ እንቁራሪቶች ናቸው የሚሰሙት። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሁለት ዓመት በዚያ ገመድ ተመላልሻለሁ።

መብራት ሲጠፋም ሥራ አይቆምም፤ ጠዋት ሞልቼው እስከ ማታ እቀርጽበታለሁ። ለኢንቴል የተጻፈው አሮጌው የድምፅ ማጽጃ ፕሮግራሜ ሮዜታ 2 በሚባለው የአፕል አስተርጓሚ ፕሮግራም እየተተረጎመ ይሠራል። መጀመሪያ ሲከፈት ትንሽ ያስጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ ልዩነቱም አይታወቅም።

ሻጩ በአንድ ነገር ግን ልክ ነው። ራሙ ከቺፑ ጋር አብሮ የታሸገ ስለሆነ በኋላ አይጨመርም፤ አቅም ካላችሁ ባለ 16ቱን ውሰዱ። የሠርግ ቪዲዮ የምትሠሩ ደግሞ ይሄን ሳይሆን ፋን ያለውን ባለ ኤም 1 ማክቡክ ፕሮ እዩ፤ ፋን አልባው ረጅም ከባድ ሥራ ሲበዛበት እንዳይግል ራሱን ያዘገያል። ሂሳብ ሥራችሁ በዊንዶውስ ፕሮግራም ከሆነም ተዉት፣ ማክ ላይ ዊንዶውስ ለመጫን የሚያገለግለው ቡት ካምፕ በእነዚህ ቺፖች ላይ የለም። የእኔ ስላሽ ነው፤ እንደ እኔ ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ባትሪው ስንት ዙር እንደተሞላ ሳታዩ ብር እንዳትቆጥሩ። የተሠራው ለ1,000 ዙር ነው።

ጋሼ ስለ ዝናብ ጠይቀውኝ አያውቁም ከዚያ ወዲህ። አሁን ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ላፕቶፑ ዝም ሲል ከግድግዳው ማዶ ያለው ፍሪጅ ለካ ያን ያህል ያጉረመርማል። ስለዚህ ከመቅረጼ በፊት ሶኬቱን እነቅላለሁ፣ የቤቱን ቁልፍ ደግሞ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ መልሼ ሳልሰካው ከቤት እንዳልወጣ።