በደብረ ብርሃን ያየሁት የአካል ጉዳተኞች የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ አነስተኛ አዳራሽ የቀረበውን የአካል ጉዳተኛ ሕፃናትና ጎልማሶች የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ሁለት ጊዜ ተመላልሼ አየሁት። ይበልጥ ልቤን የያዘው አንዲት ማየት የተሳናት ሴት ከመንዝ በግ ፀጉር የሠራችው ምንጣፍ ነው፤ ጥቁሩን ከነጩ የለየችው በክሩ ውፍረት በመሆኑ፣ እጄን ሳሳርፍበት ዐይኔ ያለፈውን የተራራ መስመር ጣቴ አገኘው። የሕፃናቱ የገብስ ክምር ሥዕሎችም ደማቅ ናቸው።

እጅግ ያሳዘነኝ የመግቢያው ደረጃ ነው፤ ከሠዓሊዎቹ አንዱ ከነተሽከርካሪ ወንበሩ በሰው ሸክም ገባ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ30ኛው አንቀጹ በባህላዊ ሕይወት የመሳተፍን፣ ወደ ባህል ሥፍራዎችም የመግባትን መብት ይደነግጋል። መግለጫ ወረቀቶቹም ከሠዓሊው ስም አስቀድመው የጉዳቱን ዓይነት ባይጽፉ መልካም ነበር። ዋጋው ተገቢ ስለሆነ አንድ የክምር ሥዕል ገዝቻለሁ።